አልጋዬን ለማስቀረት ደባርቅ ሄጄ የሩዝ ወረቀት ጠቀለልኩ

ከዳባት እስከ ደባርቅ መንገዱ አጭር ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። ከሳሎኔ እስከ ጓዳዬ ያለው መንገድ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ደባርቅን ላላዩ ሰዎች አይደለም። ጓዳ ገብተው ለማያውቁ፣ ለመግባትም ሐሳብ ለሌላቸው ወንዶች ነው። እናንተ ወደዚያ አገር እንደማትሄዱ አውቃለሁ። እኔ ሄጄ መጥቻለሁና ተቀመጡ፣ ልንገራችሁ።

ያስነሳችኝ አንዲት ድስት ናት። ሽሮ ጥጄ ሳለሁ ከጎረቤቴ ጋር ስለ አጥር ልከራከር ወጣሁ። ክርክሩን አሸነፍኩ። ስመለስ ሽሮው ከሰል ሆኗል፤ ቤቱም በጭስ ታፍኗል። ወሬው ጎንደር ካለችው ልጄ ከትርንጎ ዘንድ ጭሱ ሳይጠራ ደረሰ። በማግስቱ መጣች። ድስቷን አንስታ ገለበጠቻት፣ በጣቷ አንኳኳቻት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ ከእንግዲህ ብቻዎን አይኖሩም። እኛ ቤት ይመጣሉ።»

«አልመጣም።»

«ማን ያበስልልዎታል?»

«እኔው ራሴ።»

ሳቀች። ትርንጎ ስትስቅ እናቷን ትመስላለች። እናቷም፣ ነፍሷን ይማረውና፣ እኔ ማማሰያ ስይዝ ባየች ቁጥር እንዲህ ነበር የምትስቀው።

«እሺ» አለች ስቃ ስትጨርስ። «የደብረ ዘይት እሑድ ከዳኛቸው ጋር በፒካፕ እንመጣለን። እሳት ሳይነኩ፣ በገዛ እጅዎ ሠርተው ካበሉን አልጋዎ እዚሁ ይቀራል። ካልሆነ አልጋውን እንጭናለን፤ እርስዎም ተከትለውት ይመጣሉ።»

«እሳት ሳልነካ?»

«እሳት ሳይነኩ። በሶ አይቆጠርም። ቲማቲምና ሽንኩርት ከትፎ ማቅረብም አይቆጠርም።»

በሶውን ስትከለክል ልቤ ወረደ። ያለኝ ሙያ እሱ ነበር።

ልጄ ክፉ አይደለችም፤ ባሏ ዳኛቸውም ደግ ሰው ነው፤ ጎንደርም ጥሩ ከተማ ናት። ነገር ግን እዚያ ቤት ስሄድ ሶፋው ጥግ እንደ ትራስ ያስቀምጡኛል። ስነሳ «ወዴት ነው?» እባላለሁ፤ ስቀመጥ «አመመዎት?» እባላለሁ። እኔ በጭስ ታፍኜ ልሙት እንጂ በትራስ ታፍኜ አልሞትም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ የድሮ ተማሪዬ ሙሉቀን ደወለ። ደባርቅ ላይ ቱሪስት አስጎብኚ ነው፤ የልጄን ውርርድም፣ እንደ አገሩ ሁሉ፣ ሰምቷል።

«መምህር፣ አንዲት የታይላንድ ሴትዮ ለካምፕ አብሳዮች ሥልጠና ልትሰጥ መጥታለች። አትክልት በሩዝ ወረቀት ትጠቀልላለች። እሳት አይነካውም።»

«በምን ወረቀት?»

«በሚበላ ወረቀት።»

ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ታይላንድን ካርታው ላይ በዱላዬ ጫፍ ስንት ጊዜ ነክቻታለሁ። ወረቀት ሲያኝክ የያዝኩትን ተማሪም በዚያው ዱላ ነክቻለሁ። አሁን ሁለቱም ተባብረው ሊበቀሉኝ ነው ብዬ «መዝግበኝ» አልኩት።

ረቡዕ

ከዳባት መናኸሪያ ስነሳ ለብሼ የወጣሁት የበዓል ኮቴን ነው። ረዳቱ «አባቴ፣ ጠጋ ይበሉ» አለኝ። በአንድ በኩል መስኮት፣ በሌላ በኩል የድንች ጆንያ አለ፤ ወደ ጆንያው ተጠጋሁ። ከጆንያው ወዲያ የተቀመጠ ጎልማሳ፣ ፊቱ ሲታይ የሞላለት ገበሬ፣ እየደጋገመ አየኝ።

«ለሕክምና ነው አባባ?»

«ለትምህርት።»

«ልጅ ሊያስመዘግቡ?»

«ልማር። ምግብ ማብሰል።»

ከኋላ አንዲት ሴት «እግዚኦ!» አለች። ጎልማሳው ጆንያውን ወደ ራሱ ሳበ፤ ነገሩ እንዳይጋባበት መሰለኝ።

«ወንድ ሆነው?»

«አንተ የምትበላውን ማን ይሠራል?»

«ሚስቴ።»

«እርሷ ስትታመምስ?»

«እህቷ ትመጣለች።»

«እህቷስ ብትታመም?»

ትንሽ አሰበና «እጾማለኋ!» አለ። መኪናው በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን እስከ ደባርቅ ድረስ ሰውዬው ስለ ጤናዬ መጠየቁን አላቆመም።

ደባርቅን ከዳባት ጋር ላነጻጽር። ዳባት ላይ ብርድ እንደ ጎረቤት ነው፤ አንኳኩቶ ይገባል፣ ተጫውቶ ይወጣል። ደባርቅ ላይ ግን ቤቱ የብርዱ ነው፤ እንግዳው አንተ ነህ። ባጃጆቹ ራሳቸው እየተንቀጠቀጡ ነው የሚሄዱ። ይህን ስል የደባርቅ ሰዎች ይቀየሙኛል። ይቀየሙ።

ሙሉቀን ተቀብሎ ወይዘሮ ዘርፌ ከሚባሉ ክፍል ከሚያከራዩ ሴት ቤት ወሰደኝ። ወይዘሮ ዘርፌ በሙቅ ውሃ እግሬን ሊያጥቡኝ ወገባቸውን ታጠቁ። «ኧረ ይተዉ፣ እኔው እታጠባለሁ» ብዬ ታገልኩ፤ ተሸነፍኩ። ለእራት ሽሮና ተልባ አቀረቡ። የመጣሁበትን ጉዳይ ስነግራቸው ትክ ብለው አዩኝና «እኔ ጓዳ ወንድ ከገባ ድመቴም ትወጣለች» አሉ። ከዚያ ግን አንድ ብርድ ልብስ ጨመሩልኝ። ቀጥሎም ሌላ። በመጨረሻ ከክብደቱ የተነሳ መገላበጥ አቅቶኝ እንደ ተቀበረ ድንች አደርኩ።

ሐሙስ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ወቅቱ ሁዳዴ ነው፤ እኔ ደግሞ የደም ግፊት ክኒን አለኝ፤ ጠዋት ከምግብ ጋር ይዋጣል። የንስሐ አባቴ ይህን ሲሰሙ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ይቅርብዎ፤ ከጥሉላት ብቻ ይከልከሉ» ብለው ፈቱኝ። ሰው ቢያውቅ ግን ምን ይለኛል? «መምህር ገላው ጾም አቃተው፣ አለቀለት» ነው የሚለኝ። ትርንጎ ከሰማች ደግሞ ክርክሩ አበቃ። ስለዚህ በየማለዳው ብርድ ልብስ ተከናንቤ፣ ክኒኔን በገብስ ቆሎ አጅቤ፣ እንደ ሌባ እውጣለሁ።

ያን ጠዋትም እንዲሁ አደረግሁ። ስወጣ ወይዘሮ ዘርፌ በሩ ላይ ቆመዋል።

«እንዴት አደሩ? ክፍልዎ ውስጥ አይጥ ሲቆረጥም ሰማሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለነገ ድመቷን አስገባልዎታለሁ።»

«ባይቸገሩ» አልኩ፣ ጥርሴን በምላሴ እየጠረግሁ።

ሥልጠናው ከከተማው መውጫ ባለ አንድ ሎጅ አዳራሽ ውስጥ ነው። ሠልጣኞቹ የካምፕ አብሳዮች ናቸው፤ ስሜን ተራራ ላይ በበቅሎ ድንኳን አስጭነው ለፈረንጅ ሾርባና ኬክ ሳይቀር የሚሠሩ ጎበዞች። ሁሉም ወንዶች። በዕድሜ ጠና ያለው ደሴ ይባላል፤ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ለመሆኑ ቤትህ ምን ምን ታበስላለህ?» አልኩት።

«ቤቴ?» ብሎ ደነገጠ። «እኔ? መምህር፣ ባለትዳር ነኝ እኮ!»

ልብ በሉ። ይህ ሰው ከደመና በላይ፣ በነፋስ፣ በሁለት ድንጋይ መካከል ኬክ የሚጋግር ነው። ወደ ቤቱ ሲወርድ ግን ውሃ እንኳ ቀድቶ አይጠጣም። እኔ ደግሞ ምንም ሳላውቅ በአገሩ ሁሉ ፊት ልማር ተቀምጫለሁ። ማናችን እንደምናሳፍር እናንተ ፍረዱ፤ እኔ ፈርጄአለሁ።

አስተማሪዋ ኖይ ትባላለች። ትንሽ ሴት ናት፤ በወፍራም ጃኬቷ ላይ ጋቢ ደርባለች፤ ሳቂታ ናት፣ ግን ማንኪያ ስትይዝ የሳይንስ ፈታኝ ትመስላለች። ሙሉቀን ያስተረጉማል። ወረቀቱን አወጣች፤ ክብ፣ ድርቅ ያለ፣ ወዲያ ማዶውን የሚያሳይ። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ቶሎ አወጣችው፤ ጣውላ ላይ አነጠፈችው። ሰላጣ፣ በቀጭኑ የተከተፈ ካሮትና ኪያር፣ የበሶብላ ቅጠል ደረደረችበት። ከሥር አጠፈች፣ ከግራና ከቀኝ አጠፈች፣ ጠበቅ አድርጋ ጠቀለለች። አለቀ። የተጠቀለለ ሕፃን መስሎ ተኛ፤ አትክልቱ ከውስጥ በወረቀቱ አልፎ ይታያል።

«ይኸው ነው?» አልኩ። ትዕቢት የሚጀምረው እንዲህ ነው።

የመጀመሪያውን ወረቀት ነክሬ ለደሴ ባንኮክ ወንዝ ዳር መሆኗን ማስረዳት ጀመርኩ። ወንዙን ጨርሼ ወደ ውሃው ስመለስ ወረቀቱ የለም። በጣቴ ብፈልግ ንፍጥ የመሰለ ነገር ተያዘልኝ። ሁለተኛውን ፈርቼ ቶሎ አወጣሁት፤ ሳጥፈው ተሰነጠቀ። ሦስተኛው ከእጄ ጋር ተጣበቀ፤ ላላቅቀው ስል ጢሜ ላይ ተለጠፈ። እንጀራ ታጋሽ ነው፤ እንደፈለግህ ቆርሰህ፣ እንደፈለግህ ጠቅልለህ ታጎርሰዋለህ። ይህ ወረቀት ግን ወሬኛ አይወድም። በመጨረሻ አንድ ተሳካልኝ፤ ኖይ አንስታ በሁለት እጇ መዘነችው።

«ይህ ለስንት ሰው ነው ትላለች» አለ ሙሉቀን።

«ለአንድ ጉርሻ ነው በላት።»

ኖይ አፏን በመዳፏ ለካች፣ ጥቅሉን አየች፣ ከዚያ እየሳቀች ወንበር ያዘች።

ቀጥሎ የማጥቀሻው ተራ መጣ። የተፈጨ ለውዝ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስኳር፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ከዚያም ከአንድ ጠርሙስ ጥቁር ነገር ልትጨምር ስትል ደሴ እጁን አነሳ።

«እሱ ምንድን ነው?»

«የዓሣ ውሃ ነው» አለ ሙሉቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ክርክር ተነሳ። ግማሹ «ዓሣ በጾም ይበላል»፣ ግማሹ «በሌላው ጾም እንጂ በሁዳዴ አይሞከርም» አለ። ኖይ ጠርሙሱን ራሷ ወስዳ ከበር ውጭ አስቀመጠችውና ነገሩ በረደ። በምትኩ ጨው አመጣች። መጠኑን ግን እርሷም አታውቀውም፤ በዓሣው ውሃ እንጂ በጨው ሠርታው አታውቅም። ስለዚህ እያንዳንዳችን በየሳህናችን እየጨመርን እንድንቀምስ አዘዘች።

ማንም አልቀመሰም። ማንኪያዋን ይዛ ከአንዱ ወደ አንዱ ዞረች። አንዱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ እጅ ነሣት፤ ሌላው ደግሞ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሙሉቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ እንደማይቀመስ አስረዳት።

«ታዲያ ምግቡ መጣፈጡን በምን ታውቃላችሁ?» አለች።

«ባለቤቴ ጾሙን ሙሉ ሳትቀምስ ታበስላለች!» አለ ደሴ። «ጨው በዝቶባት አያውቅም!»

«ባለቤትህ እዚህ የለችማ» አልኩት።

ኖይ ማንኪያዋን አስቀመጠች። የማይቀምስ ሰው አብሳይ አይሆንም፤ ያልቀመሱትንም ለእንግዳ ማቅረብ ነውር ነው አለች። አብሳዮቹም እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። እርሷ ለሙያዋ፣ እነርሱ ለጾማቸው፤ ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ሁለቱም ንቅንቅ አይልም። ኖይ ሳህኖቹን መደራረብ ጀመረች። ሳህን በሳህን ላይ ሲያርፍ የአልጋዬ እግር ፒካፑ ላይ ሲጫን ተሰማኝ።

ታውቃላችሁ፣ የሚያሳፍረኝ ነገር አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ እደብቀው ነበር። ግን ጢሜ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ምን ክብር ቀርቶኛል?

«አምጪው» ብዬ ተነሳሁ።

«መምህር!» አለ ደሴ። «ገና አራት ሰዓት ነው!»

«ሰዓት ማንበብ እችላለሁ። ከጾም ተፈትቻለሁ። በክኒን። በቃ፣ ተነገረ።»

ከኋላ አንዱ «አይ እርጅና!» ሲል ሰማሁት።

«አዎ፣ እርጅና!» አልኩ ዞሬ። «ሳህንህን አቅርብ። አንተን ነው የማስቀድመው።»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የአዳራሹ ምላስ እኔ ሆንኩ። አብሳይ ሁሉ ሳህኑን ይዞ ፊቴ ተሰለፈ። ሽንኩርት መላጥ የማላውቅ ሰው «ሎሚ ይጨመር»፣ «ለውዙ በዝቷል»፣ «ጨው ይብቃው፣ ይብቃው!» እያልኩ ፈረድኩ። ጥቂቶቹን አሞገስኩ፤ «አይ እርጅና» ያለውን ደጋግሜ መለስኩት። ኖይም በደስታ ከኋላዬ እየተከተለች ራሷን ትነቀንቃለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም በጥድፊያ አጥቅሶ ጎረሰ። ደሴ አኘከ፤ ወደ ጣሪያው አየ፤ እንደገና አኘከ።

«ጨው የለውም» አለ።

«የኔም የለውም።»

«የኔም!»

ኖይ ቀመሰች። ወደ እኔ ዞረች። ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፤ ሐኪሙ ጨው ከከለከለኝ ወዲህ እኔ ቤት ጨው ለበግ እንጂ ለሰው አይወጣም። ለኔ ምላስ ቅምሻ ታህል ጨው እንደ አሞሌ ናት። የአብሳዮቹን ሳህን ሁሉ በኔ በሽታ ልክ መጥኜው ኖሯል።

«መምህር» አለ ደሴ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ፣ «እኛን ሁሉ ክኒን አስጀመሩን እኮ!»

ዓርብ

ጠዋት ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ቆሎዬን ስፈልግ በሩ ሥር አንድ ሳህን ተከድኖ አገኘሁ። ስከፍተው የተቀቀለ ድንች ነው፤ ለስላሳ፣ የማይንኮሻኮሽ። ወሬው ወይዘሮ ዘርፌ ዘንድ ደርሷል። እርሳቸው ግን ስለ ድንቹም ስለ ጾሙም ቃል አልተነፈሱም። ብቻ ስወጣ «አይጧ ዛሬ ጠፋች» አሉ።

ኖይ ለመጨረሻው ቀን ሎሚና ናና ፈለገች፤ ደባርቅ ገበያ ላይ የነበረው ሎሚ ደርቆ እንደ ዋልካ ጠጥሯል። ስለዚህ ወደ ዛሪማ ከሚወርድ አንድ አይሱዙ ላይ እኔና ደሴ ተሳፈርን። እኔን ማንም አልላከኝም፤ ራሴን ላክሁ። ቆላውን ካየሁ ዘመን የለውም፤ ካርታ ላይ ብቻ ነው የወረድኩት።

ሊማሊሞን መውረድ የፈለገ መጀመሪያ ቁርሱን ይርሳ። መንገዱ ገደሉን እንደ ተቆጣ እባብ ይተጣጠፍበታል። እየወረድን ስንሄድ ኮቴን አወለቅሁ፤ ቀጥሎ ሹራቤን፤ ቀጥሎ ደሴ «መምህር፣ ይብቃ፣ ሴቶች አሉ» አለኝ። የዛሪማ ሙቀት ከኛ አገር ጋር አይነጻጸርም። ዳባት ላይ ፀሐይን ፍለጋ እንወጣለን፤ እዚያ ፀሐይዋ ራሷ ፈልጋ ታገኝሃለች።

አንዲት ሴት በረንዳዋ ላይ ሎሚ ዘርግታ አገኘናት፤ አማርኛዋ ውስጥ ትግርኛ ጣል ጣል ይላል።

«ለምንዎ ነው አባ?»

«ምግብ ላበስልበት።»

በመዳፏ አፏን ያዘች። ወደ ማንጎው ጥላ ዞራ ባሏን ጠራች። «ና፣ ና እይ! የሚያበስል ሽማግሌ መጥቷል!»

ባልየው ከተኛበት ቀና ብሎ አየኝ። «አባ» አለ፣ «እኔን እንዳያስነሱብኝ» ብሎ ተመልሶ ተጋደመ።

ሴትዮዋ ወደ ደሴ ዞረች። «አንተስ?»

«እኔ ሸኚ ነኝ» አለ ደሴ ሎሚ እያየ።

«ውሸቱን ነው!» አልኩ። «ይህ ሰው ኬክ ይጋግራል! ተራራ ላይ! ከነጮቹ አንዱ አልቅሶ ነው የተለየው!» ደሴ መሬት ተከፍቶ ቢውጠው የሚወድ መሰለ። ሴትዮዋ ግን ሳቋን አቁማ ረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያም ማንጎው ሥር የተጋደመውን ባሏን አየች። ሎሚውን በከረጢት ሞላችልን፤ ናናውንም ከነሥሩ ነቅላ በቅጠል ጠቀለለችልኝ። ገንዘቧን ልሰጣት ስል እጄን መለሰች። «ወስደው ይትከሏት። ባሌ እያየ አበስላለሁ ላለ ሰው አልሸጥም።»

ስንመለስ አይሱዙው ሽቅቡን እምቢ ብሎ መሃል ገደል ላይ ቆመ። ሾፌሩ ራዲያተሩን እስኪያቀዘቅዝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ደሴ «መምህር፣ ባለቤቴ ኬክ እንደምጋግር አታውቅም» አለ።

«ታዲያ ምን እሠራለሁ ነው የምትላት?»

«ዕቃ አስጭናለሁ ነው የምላት።»

«እና ኬክ ቀምሳ አታውቅም?»

ተነስቶ ለሾፌሩ ውሃ አቀበለ። ሞተሩ ተነሳና ገባን።

ዘግይተናል ብለን ስንሮጥ ኖይ አዳራሹ በር ላይ ተቀምጣ አገኘናት። የሥልጠናውን ሰዓት ወደ ዘጠኝ አዙራዋለች። በዚያ ቀን ሁሉም በየራሱ ምላስ ቀመሰ፣ ሁሉም በየራሱ ጨው ጨመረ። እኔ አፌን ዘግቼ ወረቀቴን ነከርኩ። ግማሽ አቡነ ዘበሰማያት በልቤ ስደግም አወጣሁት፤ ልክ ሆነ። ጠቀለልኩ። የዛሪማዋ ናና ከውስጥ በወረቀቱ በኩል አረንጓዴ ሆና ታየችኝ። ኖይ አነሳችው፣ አዟዟረችው፣ በላችው። ሙሉቀን እንዲያስተረጉም አልፈለግሁም። ስንለያይ አንድ እሽግ የሩዝ ወረቀት በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

ቅዳሜ

ወይዘሮ ዘርፌ እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ። የለውዝ ማጥቀሻዬን በብልቃጥ ይዣለሁ፤ ክዳኑን ያጠበቅሁት ራሴ ነኝ፤ ይህ ስለ ክዳኑ ሁሉን ነገር ይነግራችኋል። ሚኒባሱ አንድ ጉድጓድ ላይ ዘለለ፤ ማጥቀሻው ኮቴን አጥለቅልቆ አጠገቤ ወዳሉት እናት ነጠላ ተሻገረ። ሴትዮዋ ጠርገው አሸተቱት፤ «ለውዝ ነው? ሸጋ ነው» አሉና ተዉኝ። ጎንደር ቢሆን ከነካልሲዬ ይሰድቡኝ ነበር።

ቤቴ ስደርስ ፒካፕ ደጃፌ ቆሟል። ትርንጎ አንድ ቀን ቀድማ መጥታለች። ገባሁ። አልጋዬ ተፈታትቶ፣ ጎኖቹ ግድግዳው ላይ ተደግፈው፣ ፍራሹ መሬት ላይ ተኝቶ አገኘሁት።

«ውርርዱ ለነገ አልነበረም እንዴ?»

«ነገ ጊዜ እንዳይወስድብን ብዬ ነው አባባ» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። ዳኛቸው ብሎኖቹን በመዳፉ ይዞ፣ ወዴት እንደሚያኖራቸው ቸግሮት ቆሟል። ናናዬን ከአጥሬ ሥር ተከልኩና፣ በወለሉ ፍራሽ ላይ ጎረምሳ ሆኜ ተኛሁ።

እሑድ

ከቅዳሴ እንደተመለስን ጠረጴዛውን ሳሎን መሃል አወጣሁት፤ እንዲያዩኝ። እሳት የለም፤ ሙቅ ውሃም የለም፤ በቀዝቃዛ ውሃ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉ አቡነ ዘበሰማያት ይፈልጋል። ሰላጣዬን፣ ካሮቴን፣ ኪያሬን፣ ናናዬን ደረደርኩ። ትርንጎ እጇን አጣምራ ቆመች።

የመጀመሪያው ተቀደደ። ዳኛቸው ወደ መስኮቱ ዞረ። ሁለተኛው ያዘ። ሦስተኛው ከሁለተኛው አማረ። ሳህኑ ሲሞላ አስታወስኩ፤ ማጥቀሻው ኮቴ ላይ ቀርቷል።

«ከጎንደር ያመጣሽውን ስልጆ ስጪኝ» አልኳት።

«ስልጆውን እኔ ነኝ የሠራሁት። አይቆጠርም።»

«ጥቅሉ የኔ ነው። ስልጆው ምስክር ነው።»

ዳኛቸው ቀድሞ አነሳ። ስልጆው ላይ ነክሮ ቆረጠ፤ ሰናፍጩ አፍንጫውን መታው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። ወዲያው ሌላ አነሳ። ትርንጎ ባሏን ተመለከተች፣ ከዚያ አንዱን ብድግ አደረገች። አኘከች። ፊቷ ላይ ምንም አላነበብኩም፤ የእናቷን ፊትም እንዲሁ ማንበብ አልችልም ነበር።

«ከጾም ተፈትተዋል አሉ» አለች በመጨረሻ።

«ማን ነገረሽ?»

«ደባርቅ ሙሉ ያውቃል።»

«አዎ፣ ተፈትቻለሁ። ምላሴም ለሕዝብ አገልግሏል። ደግሞ ልንገርሽ፤ ጨው አልቀምስም፣ ጉልበቴ ይጮኻል፣ ሽሮ አሳርሬአለሁ። አንዱንም አልክድም። ግን አልሄድም።»

ሁለተኛውን በላች። ሦስተኛውን ልታነሳ ስትል ሳህኑ ባዶ ነው። አንድ ወረቀት አንስታ ራሷ ውሃ ውስጥ ከተተችና «በየቀኑ ይህን ብቻ እየበሉ ሊኖሩ ነው? እስቲ ይንገሩኝ፣ ክረምት ሲገባ...» እያለች ስትቆጣኝ ወረቀቱ ውሃው ውስጥ ቀለጠ። በጣቷ ፈለገችው።

«ወሬኛ አይወድም» አልኳት። «ሌላ ንከሪ። ዝም ብለሽ ጸልዪ።»

ነከረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አወጣች፣ ደረደረች፣ አጠፈች፤ የሕፃን ራስ የሚያህል ጠቀለለች። እኔ በሁለት እጄ መዝኜ «ይህ ለስንት ሰው ነው?» ስላት፣ ሳትፈልግ ሳቀች። ጥቅሏን ሁለት ቦታ ቆረጠች፤ ግማሹን ሰጠችኝ፤ ግማሹን እያኘከች፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ ጮክ አለች።

«ዳኛቸው! ብሎኖቹን የት አደረግሃቸው?»

ዳኛቸው አልጋዬን መልሶ ሲገጥም እስከ አሥር ሰዓት ቆየ። ከብሎኖቹ አንዷ ጠፋች፤ ሶፋ ሥር ፈለግን፣ ፒካፑ ላይ ፈለግን፣ የለችም። ቦታዋን በሽቦ አሰረው። ከዚያ ወዲህ በተገላበጥኩ ቁጥር አልጋው ሲጥጥ ይላል፤ ጎረቤቴም ባጥሩ በኩል «መምህር፣ ያ አልጋ ይጮኻል እኮ፣ ለምን አያሠሩትም?» ይለኛል።

ይጩህ። የሚጮኸው በገዛ ቤቴ ነው።